ከማኅሌት ወደ መድረክ፦ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እና የተማሪዎች ቲያትር

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የወላጆች ቀን ሲከበር ከሽልማቱና ከንግግሩ ይልቅ በጉጉት የሚጠበቀው የተማሪዎቹ ጭውውት ነው። አንዱ ልጅ የአባቱን ጋቢ ተከናንቦ፣ ጥጥ አገጩ ላይ ለጥፎ ሽማግሌ ይሆናል። ሌላዋ የእናቷን ሻሽ አስራ አማት ትሆናለች። መጋረጃው የተዘረጋ ነጠላ፣ መድረኩም የተገጣጠመ አግዳሚ ወንበር ሊሆን ይችላል። አማርኛና ኽምጥኛ እየተቀያየረ ይነገራል። ከእርሻው መልስ የመጣው ወላጅ የራሱን ቤት ጉድ ከልጁ አንደበት ሲሰማ ይስቃል፤ የሚነካው ነገር ሲመጣ ደግሞ ዝም ይላል። ተዋናዮቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ደራሲውም ብዙውን ጊዜ የአማርኛ መምህሩ ነው።

ይህ መልክ፣ ማለትም መምህር ጽፎ ተማሪ የሚጫወተው ቲያትር፣ በኢትዮጵያ ከ90 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች መካከል ስማቸው ከፊት የሚቀመጠው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ ባሕር ማዶ ሄደው ቲያትር የተማሩ ሰው አልነበሩም፤ ከቆሎ ትምህርት ቤት የወጡ የጎጃም ደብተራ ነበሩ።

የተወለዱት በ1887 ዓ.ም በደብረ ኤልያስ ነው። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል ሠራዊታቸውን ይዘው የዘመቱበት የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በተከታዩ ዓመት፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም ስለሆነ፣ የዮፍታሔ ትውልድ የድሉን ወሬ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እየሰማ ያደገ ትውልድ ነው። ደብረ ኤልያስ በዚያን ጊዜ በቅኔ ትምህርት ስሟ የገነነ ደብር ነበረች። የኋላው ታላቅ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ ይህችው ናት።

የዚያን ዘመን የቅኔ ተማሪ ኑሮ ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም። ከዋግና ከላስታ ዳዊት ደግመው የጨረሱ ልጆች አኮፋዳቸውን አንጠልጥለው፣ ደበሏቸውን ለብሰው፣ ተከዜን ተሻግረው ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ይወርዱ ነበር። ቀን ቁራሽ ለምነው፣ ማታ በጎጇቸው ተጠልለው የነገውን ቅኔ ይቆጥራሉ። ቅኔ ደግሞ በቃል ብቻ የሚያዝ ትምህርት አይደለም፤ ተማሪው ቀድሞ የተባለውን መድገም አይፈቀድለትም፤ የራሱን አዲስ ሐሳብ አምጥቶ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ማሰማት አለበት። ከሰሙ በታች ወርቁን መቅበር፣ አንዱን እየተናገሩ ሌላውን ማስረዳት የዕለት ሥራው ነው። ዮፍታሔ በኋላ ዘመን በመድረክ ላይ ሰውን በምሳሌ የሚወቅሱበትን ጥበብ ያገኙት ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማኅሌቱም ሌላ ትምህርት ቤት ሆኗቸዋል። በማኅሌት አገልጋዮች ቀኝና ግራ ሆነው በሁለት ወገን ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ መቋሚያው ይዘማል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎም በፍጥነት ይመታል፤ ወረቡ እየሞቀ ሲሄድ እግርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ዘመናዊው ሰው ቃለ ተውኔት፣ ዜማ፣ የመድረክ እንቅስቃሴ ብሎ በየስሙ ይለየዋል፤ ደብተራው ግን በአንድነት ያውቀዋል። ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕረግም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን ካህናት የሚመራ ማለት ነው። ሰው በስማቸው ፊት ይህን ማዕረግ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ ከዚያም በኋላ አልነሣውም። ለአንድ የቲያትር ሰው እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ የሕይወታቸውን መንገድ በአጭሩ ይናገራል።

ዮፍታሔ በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ የውጭ ሀገር ሰው፣ ጋዜጣ፣ ማተሚያ ቤትና ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባባት፣ ሆኖም አሮጌውና አዲሱ ገና ያልተስማሙባት ነበረች። ቲያትር የሚባለውም ነገር በአንድ አጋጣሚ ብቅ ብሎ ወዲያው ተቀጭቶ ነበር።

ያ አጋጣሚ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ነው። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው ያደጉ፣ በፈረንሳይ ደግሞ የእርሻ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም ገደማ ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ተነሥተው የአውሬዎችን ኮሜዲያ ጻፉ፤ ጨዋታውም በአዲስ አበባ አንድ ሆቴል በመኳንንት ፊት ታየ። በመድረኩ ላይ የተናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የተነኩት ግን ጉቦ የለመደውና ሥራ የጠላው ሹም ነበር። ታዳሚዎቹም ሰምና ወርቅ የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ወርቁን ለማግኘት አልተቸገሩም። የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መንግሥት መጽሐፉን አገደ፤ ቲያትርም ለ10 ዓመት ያህል ከመድረክ ጠፋ።

የአገር ቤቱ ሰው ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፤ ባለጌ አዝማሪ እንኳ ጌታውን በግጥም ሲወጋ ስጦታ ይቀበላል እንጂ አይታሰርም፤ የተጻፈና የታተመ ወቀሳ ግን ከአንድ የግብር አዳራሽ ወጥቶ ስለሚዞር ያስፈራል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ነፋሱ ተለወጠ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘመናዊ ትምህርትን የሥልጣናቸው መለያ ለማድረግ የሚሹ ስለነበሩ ትምህርት ቤቶች ቲያትር እንዲያሳዩ ተፈቀደ፤ ከዚያም አልፎ ተበረታታ። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መልአኩ በጎሰው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ደግሞ መምህሩ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎቻቸውን እያሰለፉ ጨዋታ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሀገሪቱ ባለሙያ ተዋናይም ሆነ የቲያትር ትምህርት ቤት አልነበራትም። ጸሐፊው እርሳቸው፣ ዜማ ሰጪው እርሳቸው፣ አለማማጁ እርሳቸው ሆኑ፤ ተዋናዮቹም ከፊደል ገበታ የተነሡ ልጆች ናቸው። የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በዚያን ዘመን ሴት ልጅን በሰው ፊት መድረክ ላይ ማውጣት ወላጅ የሚቀበለው ነገር አልነበረምና።

ለወንዶቹም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በደጋው ሕብረተሰብ ዘንድ በሰው ፊት የሚዘፍንና የሚጫወት ሰው አዝማሪ ይባል ነበር፤ ቃሉም እንደ ስድብ ያገለግል ነበር። ልጁን ፊደል ቆጥሮ ለሹመት እንዲበቃለት ወደ ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ፣ ቀለም ተቀብቶ በመድረክ ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ዋግ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ አላት። በነሐሴ አጋማሽ የሻደይ ጊዜ ሲደርስ ልጃገረዶች የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ አጊጠው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ ይጫወታሉ፤ ማንም አይነቅፋቸውም፤ እንዲያውም ያልወጣችው ትታዘናለች። በዓሉ ያከብራቸዋልና። የዮፍታሔ ተማሪዎች ግን ከኋላቸው የቆመ በዓል አልነበራቸውም። ጨዋታቸውን የሚያስከብርላቸው መምህራቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኑ ብቻ ነበር። ቀኝ ጌታው ማኅሌት የሚቆሙ ሊቅ ስለነበሩ ሥራቸውን የአዝማሪ ሥራ ብሎ ለማጣጣል የሚደፍር ሰው ቃሉን ይመዝን ነበር።

ከጻፏቸው መካከል «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «ምስክር»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «ያማረ ምላሽ»፣ «እያዩ ማዘን»፣ «ሙሽሪት ሙሽራ» እና «አፋጀሽኝ» ይገኙባቸዋል። ርእሶቹ ራሳቸው ጨዋታው ወዴት እንደሚያዘነብል ያመለክታሉ። «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» የሚለው ለጠርጣሪው ወላጅ የተሰጠ መልስ ይመስላል፤ ጨዋታ ነው፣ ግን ከንቱ አይደለም ለማለት። ሆዱን አምላኩ ያደረገውም ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም፤ በየገበያውና በየችሎቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ጨዋታዎቹ በግጥም የተጻፉ፣ በመካከላቸው መዝሙር የሚገባባቸው፣ ለዛሬ ጆሮ ረዘም ያለ ንግግር የሚበዛባቸው ነበሩ። ዛሬ የሚያያቸው ሰው እንቅስቃሴያቸውን ሊያንሰው ይችላል። የያኔው ታዳሚ ግን ቅኔ ሲቀኙ ቆሞ መስማት የለመደ ነበርና የሚመጣው ለቃሉ ነው።

ለዜማው ሥራ አንድ ሌላ ሰው አጠገባቸው ነበር፤ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን። ኬቮርክ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አርባ ልጆች ተብለው የሚታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ከኢየሩሳሌም በመጡ ጊዜ ሲሆን፣ የእነዚያ ልጆች የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበሩ። አንዱ በማኅሌት ሌላው በአውሮፓ የሙዚቃ ምልክት ያደጉ ሁለት ሰዎች በመደማመጥ ሠርተዋል። የዚህ ቅንጅት ትልቁ ፍሬ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ ዜማው የኬቮርክ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» በሚል ስም የታወቀው ይህ መዝሙር የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እስኪያበቃ ድረስ የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል።

ደስታው ግን አጭር ነበር። በ1927 ዓ.ም የፋሺስት ኢጣሊያ ዝግጅት እየተገለጠ ሲሄድ የመድረኩም ቃል ተለወጠ። ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የኢትዮጵያ አገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ አገር ፍቅር ቲያትር ቤት ተብሎ የሚታወቀው ተቋም የተነሣው ከዚህ ነው፤ ሲጀመር ግን ቲያትር ቤት አልነበረም። ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰብስበው፣ ሕዝቡን ጠርተው በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር የመጣውን አደጋ የሚያሳውቁበት ማኅበር ነበር። የዮፍታሔ ብዕር ለዚህ የተዘጋጀ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆዳሙን ሹም ይወቅሱ የነበሩት መምህር አሁን ሀገር ልትወረር ነው የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፍ ያዙ።

ማስጠንቀቂያው ጦርነቱን አላስቀረም። በመስከረም 1928 ዓ.ም ወረራው ተጀመረ። በመጋቢት ወር ጠላት ሰቆጣን ያዘ፤ በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 22 ቀን ከዋግ ደጋ ብዙ በማይርቀው ማይጨው የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ ተደረገ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። የአገር ፍቅር መድረክ ዝም አለ፤ ትምህርት ቤቶቹም ተበተኑ። በየካቲት 1929 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋና ከዚያ በኋላ በተከተለው አሰሳ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ተለይተው እየተፈለጉ ተገደሉ። ያ ትውልድ ነበር ቲያትር የተጫወተውና ያየው።

ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በስደት ያሉት ኢትዮጵያውያን ኑሮ ችግር የበዛበት ነበር፤ ግን ከአገር ቤት ወሬ አይቋረጥም። በእነዚያ ዓመታት ከዋግ የሚሰማው ወሬ መራራም አኩሪም ነበር። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ አልገዛም ብለው በጠላት ላይ ተነሥተው ከተዋጉ በኋላ በመስከረም 1930 ዓ.ም ተገደሉ፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ሆኖ ታየ። ጠላት ያንን ሲያደርግ እርሱም በራሱ መንገድ መድረክ መሥራቱ ነበር። ሰው ተሰብስቦ አይቶ እንዲፈራ የተዘጋጀ ትርኢት ነው። የዋግ ሰው ግን ያየውን በሐዘን እንጉርጉሮና በፉከራ መልሶ ተናገረው እንጂ እንደታሰበው ዝም አላለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገቡ። በጎጃም አርበኞች መካከል አልፈው፣ የዮፍታሔን የትውልድ አገር አቋርጠው፣ በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ስደተኛው ባለቅኔም ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከነጻነት በኋላ ዮፍታሔ በመንግሥት ሥራ ላይ ተሾሙ፤ በሕግ መምሪያ ምክር ቤትም በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለዋል። ቲያትሩንም አልተዉም። የወረራው ዘመን፣ የባንዳው ክህደትና የስደቱ ምሬት ለመድረክ የሚሆን ነገር በዝቶ የቀረበበት ጊዜ ነበር። «አፋጀሽኝ» የተባለው ሥራቸው የሀገርን ነጻነት ጉዳይ በምሳሌ የሚያቀርብ ነው።

የአገር ፍቅር ማኅበርም ከነጻነት በኋላ ዳግም ተቋቁሞ ቀስ በቀስ ቲያትር ቤት ሆነ፤ በደመወዝ የሚቀጠሩ ተዋንያን መጡ፣ ሴቶችም መድረክ ላይ ወጡ። የተማሪው ቲያትር ግን አልቆመም። ትምህርት ቤት ወደ አውራጃና ወደ ወረዳ በተስፋፋ ቁጥር አብሮ ተስፋፋ፤ ጋቢውና የጥጥ ጢሙ ሰቆጣ የደረሱትም በዚህ መንገድ ነው። በደርግ ዘመን የወጣት ኪነት ቡድኖች በየቀበሌውና በየአውራጃው ሲቋቋሙ፣ ሰቆጣ በዚያን ጊዜ ትተዳደርበት በነበረው የወሎ ክፍለ ሀገርም የኪነቱ ስም ገናና ነበር። ያ ዘመን ለመድረኩ ብዙ ወጣት ሰጠ፤ የሚባለውን ግን አስቀድሞ የሚወስነው ሌላ አካል ነበር። ዮፍታሔም ቢሆኑ ከዚህ ፈተና ነጻ አልነበሩም፤ በንጉሡ ፈቃድ የተከፈተ መድረክ ላይ ቆሞ ሹማምንትን መውቀስ እስከ የት እንደሚያስኬድ ዕለት ዕለት የሚለካ ነገር ነበር። የተክለ ሐዋርያት መጽሐፍ ዕጣ አልተረሳምና።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1939 ዓ.ም በድንገት ዐረፉ። ዕድሜያቸው 52 ነበር። ሰው ገና ብዙ ሲጠብቅባቸው ስለሞቱ በአሟሟታቸው ላይ ብዙ ተወርቷል፤ ወሬው እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከአሟሟታቸው ይልቅ የሚያስቆጨው የሥራዎቻቸው ዕጣ ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች እርሳቸው በሕይወት ሳሉ አልታተሙም። የሚጻፉት ተማሪ እንዲያጠናቸው ነበር፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጨዋታው ከታየ በኋላ ቃሉ የሚቀረው በተዋናዩ ልብ ውስጥ ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ስደት መጣ፤ ተዋናዮቹ ተበተኑ። ከአንዳንዱ ሥራ የተረፈው ርእሱና ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ ይህ እንዳይሆን ከሞት የተረፈውን እየለቀመ፣ የሚያውቋቸውን ሰዎች እየጠየቀ የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ የሚመለከት ጥናት አዘጋጀ። እርሱም መጽሐፉን ታትሞ ሳያየው ሞተ፤ ወንድሙ ዶክተር ዮናስ አድማሱ አሰናድቶት ከብዙ ዓመት በኋላ ለአንባቢ በቃ። ዛሬ ስለ ዮፍታሔ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሁለት ወንድማማች ልፋት የተገኘ ነው።

ያልጠፋው መዝሙሩ ነበር። ከ1923 ዓ.ም በኋላ በተወለዱት ልጆች ዘመን ሁሉ፣ ጠላት ከገዛበት አምስት ዓመት በስተቀር፣ ሰንደቅ ዓላማ በተሰቀለበት ቦታ ይዘመር ነበር። በሰቆጣ ብርድ በጠዋት የተሰለፉት ተማሪዎችም እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው፣ ቃሉን ሳያዛንፉ ይሉት ነበር። የጻፈው የቅኔ መምህር ማን እንደሆነ ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ እምብዛም አልነበረም።